«ሦስት ካሉ አራተኛው አይከብድም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ውሾች አሏቸው፤ አሮጌው ዳማ፣ ሴቷ ኩኪ፣ ከሁሉ በኋላ የመጣው ጉልቤው ታይሰን። አሁን በራቸው ላይ የተጣለች ሴት ቡችላ አግኝተው አራተኛ ሊያደርጓት ቆርጠዋል፤ ሌላውም ሰው እንዲሁ እንዲያደርግ ይመክራሉ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የማዕድ ትርፍራፊ ይበቃል፤ ውሻ የበዛበትን ግቢ ሌባም ጅብም አይደፍርም፤ ውሾች ቢጣሉ አለቃቸውን ራሳቸው መርጠው ይታረቃሉ፤ ብትወልድም ቡችላው ለሰው ይሰጣል፤ ከግቢ የማይወጣ ውሻ ክትባት አያሻውም፤ ጎረቤት በሰው ግቢ ምን አገባው፤ ከበዛም የገጠር ዘመድ አለ፤ ደግሞስ የተጣለን ፍጥረት ማንሳት ጽድቅ አይደለም ወይ?

ደግ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል፤ ቀልዱም ጥሩ ነው። እኔም ደሴ ላይ ሦስት ውሻ ይዤ የምኖር ስለሆንኩ ከውሻ ጠሎች ወገን አይደለሁም። ግን ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲታዩ አብዛኞቹ አይቆሙም፤ ሁለቱ ደግሞ ሰው ሊያስገድሉ ይችላሉ። አራተኛ ውሻ ፈጽሞ አይያዝ አልልም። ጸሐፊው ግን ነገሩን ሁሉ ያዩት በአዲሷ በኩል ነው፤ ትጠግባለች ወይ፣ ማደሪያ ታገኛለች ወይ፣ ትለምዳለች ወይ። ቀድመው የገቡት ሦስቱ ምን ይጎድልባቸዋል የሚለውን አንዴም አላነሡትም።

ከትርፍራፊው ልጀምር። «ከማዕድ የሚተርፈው ሦስት ካጠገበ አራትም ያጠግባል» ይላሉ። ትርፍራፊ የሚወሰነው በበላተኛው ሰው ቁጥር ነው፤ ውሻ ስለተጨመረ የእንጀራው ጠርዝ አይሰፋም። እንዲያውም ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ ከቤት የሚጠፋው እሱ ነው፤ ድሮ ለውሻ ይጣል የነበረው ድርቆሽ ዛሬ ፍርፍር ሆኖ ቁርስ ላይ ይቀርባል። 20 ኪሎ ግድም የሚመዝን አዋቂ ውሻ በቀን ወደ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ብርድ ላይ ደጅ የሚያድር ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፣ ይሁን፤ ደሴ ግን ከሷ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠችው። የጸሐፊው ስሌት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሳይጨርስ ይሰንፋል።

ከዚያ ጾም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የጾመኛ ቤት ውሻ ሳይወድ አብሮ ይጾማል፤ ሽሮ የነካ እንጀራ እየላሰ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አንድ ውሻ ሲሆን የቤቱ እመቤት ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ለምናም ቢሆን ታመጣለታለች። ለአራት ግን ልመና አያዛልቅም፤ መግዛት ይመጣል።

ደግሞስ የሚተርፈው ምንድን ነው? ወጥ ነው። የወጣችን መሠረት ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ጉዳት ስለሆነ ድዱ እስኪገረጣ ድረስ ማንም አያስተውለውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰነጠቅ ጫፉ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ይህን ለመለየት፣ ለይቶም ለመቀቀል ጊዜ ያለው ሰው ለሦስቱ ያድርግላቸው፤ ከዚያ ስለ አራተኛዋ እናወራለን።

ከምግቡ ክፍል ያስደነገጠችኝ ግን «በዓል ሲመጣ ሳንባና ጉበቱ የነሱ ነው» ያሏት አንዲት መስመር ናት። ወሎ ላይ አረፋም ፋሲካም ግቢ ውስጥ ይታረዳል። ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ «ይኼስ ለውሻ» ተብሎ ይወረወራል። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል እጭ ያለበት ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ያርፋል፤ በግ ትግጠዋለች። ውሻውን ሲደባብስ ውሎ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅም በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ያው ከረጢት ይበቅልበታል። ሐኪሞቹ ሃይዳቲድ ይሉታል፤ ለዓመታት ሳይሰማ ያድግና ቀዶ ሕክምና ላይ ያደርሳል። ጥሬ የበግ ጭንቅላት የሚጣልለት ውሻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትል ይይዛል፤ የዚያኛው እጭ የሚቀመጠው በበግ አንጎል ውስጥ ነው። የደጋ ገበሬ አዙሪት የሚለው፣ በጓ አንገቷን አዘንብላ ባለችበት የምትሽከረከርበት በሽታ ምንጩ ይኸው ነው። ከረጢት የታየበት ሥጋ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል እንጂ ለውሻ አይሰጥም። ውሻውም በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት መዋጥ አለበት። የመድኃኒቱ መጠን በክብደት ስለሚሰላ እያንዳንዱ ውሻ የራሱ ሂሳብ አለው። ጸሐፊው «ነጻ» ያሉት ምግብ ይህ ነው።

ጥበቃ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተርተዋል። አንድ ጥሩ ጠባቂ ውሻ ምን አይቶ እንደሚጮኽ ባለቤቱ ከድምፁ ይለያል፤ ለድመት የሚጮኸው ሌላ፣ ለሰው ሌላ፣ ለጅብ ሌላ ነው። አራት ውሻ ባለበት ግቢ አንዱ ለድመት ሲጮኽ ሦስቱ ምክንያቱን ሳያውቁ ይከተሉታል። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ጩኸቱን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ሌባም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለ ጅብ ከሆነ፣ ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ጅብ ውሻን ራሱን እንደሚበላ አይነገረውም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ በአጥሩ ሥር እየሾለከ ማደር የለመደ ውሻ ቀዳዳውን ከፍቶ ይጠብቃል። ቆርቆሮውን ማስጠገን ከአራተኛ ውሻ ይረክሳል፤ አይጮኽምም።

አሁን ወደ ዋናው። «ሲጣሉ አትግቡባቸው፤ አለቃቸውን መርጠው ይታረቃሉ» የሚለው ምክር በየሰፈሩ ይሰማል፤ ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም። ሐሳቡ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባሉ ተመራማሪ በአጥር ውስጥ ታጉረው የነበሩ ተኩላዎችን አይተው ከጻፉት ጥናት ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሐሳቡን ለብዙ አንባቢ ያዳረሱት አሜሪካዊው ዴቪድ ሜክ በ1999 ራሳቸው አርመውታል፤ ዱር ያለ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፣ ለአለቅነት የሚደባደብ የለም አሉ። ከየሰፈሩ ተሰብስበው ኮምቦልቻ አንድ ግቢ የገቡ አራት ውሾች ቤተሰብ አይደሉም። ታጉረው የነበሩትን ተኩላዎች ይመስላሉ ቢባል ይሻላል፤ የእነዚያ መጨረሻ ደግሞ ዕርቅ አልነበረም።

ጸሐፊው ያልቆጠሩት ሌላ ነገር አለ። ሁለት ውሾች መካከል ያለው ግንኙነት አንድ ነው። ሦስት ሲሆኑ ሦስት ግንኙነት ይኖራል። አራት ሲሆኑ ስድስት ይሆናል። ውሻው በአንድ ሲጨምር ሊጣሉ የሚችሉት ጥንዶች እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። በስድስቱም መካከል ሰላም ካልሆነ ግቢው ሰላም የለውም፤ ሁለቱ ሲያያዙ ሌሎቹ ሁለት ቆመው አያዩምና። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ወይም የሚጎዳው ጠቡን የጀመረው ሳይሆን ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ሲገቡበት መሬት ላይ የወደቀው ነው።

የሚጣሉትስ በምንድን ነው? በሳህን፣ በአጥንት፣ ፀሐይ በሚመታው ጥግ፣ በባለቤታቸው እጅ፣ ከሁሉ በላይ በጠባብ በር ላይ። እንግዳ ሲያንኳኳ አራቱም በአንዴ ወደ በር ሮጠው ይጋፋሉ፤ ደማቸው ፈልቷል፣ እንግዳውን አያገኙትም፣ አጠገባቸው ያለውን ይነክሳሉ። አንድ ቤት በሚኖሩ ውሾች መካከል ከባዱ ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጾታቸው አንድ በሆኑት መካከል ነው። የሴትና የሴት ጠብ ደግሞ ቶሎ የማይበርድ፣ ቂሙም የሚከርም ነው። አዲሷ ሴት ናት፤ ኩኪም ሴት ናት።

«ታይሰን እንኳን ይልሳታል» ብለዋል ጸሐፊው። ቡችላ ስለሆነች ነው። ትልልቆቹ ለቡችላ የሚያሳዩት ትዕግሥት ጊዜ ያለው ነገር ነው፤ ፈተናው የሚመጣው ዓመት አልፏት ወደ ሁለት ዓመት ስትጠጋ፣ ቦታ መጠየቅ ስትጀምር ነው። በመጀመሪያው ወር ያዩትን ሰላም ይዘው ምክር ለሕዝብ በመጻፍ ትንሽ ቸኩለዋል።

የኛ አገር አያያዝ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀን ማሰር፣ ማታ መፍታት ነው ልማዱ። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ ቀድሞ ይነክሳል። እሱን አስሮ አዲሷን አጠገቡ መልቀቅ ጠብ ደግሶ መጥራት ነው። ማስተዋወቅ ካስፈለገ ከግቢ ውጭ፣ የማንም ባልሆነ መንገድ ላይ፣ ሁለቱንም በገመድ ይዞ፣ ራቅ ብሎ እየሄዱ እየተቀራረቡ ነው፤ ያውም አንድ በአንድ፣ በተለያየ ቀን። ሦስቱ በር ላይ ተሰልፈው እንዲቀበሏት ማድረግ አይሆንም። ሳህኖቹ በተለያየ ጥግ፣ ቢቻል በተዘጋ በር ጀርባ ይቀመጡ። ለአዲሷ የራሷ የሆነ የሚዘጋ ቦታ ለሳምንታት ያስፈልጋታል። ቢያንስ ሁለት የሚዘጋ ቦታ የሌለው ሰው አራተኛ ውሻ መያዝ የለበትም ባይ ነኝ፤ በኪራይ ግቢ፣ አምስት አባወራ አንድ በር በሚጠቀምበት ሰፈር፣ ጥያቄው እዚያው ላይ ያልቃል።

ጠቡ ከተነሣ ደግሞ «አትግቡ» የሚለው ግማሹ ልክ ነው፤ እጅ አይገባም። አንገታቸውን ልይዝ ሲል ጣቱን ያጣ ብዙ ነው። ባልዲ ውሃ ማፍሰስ፣ የድስት ክዳን ማጋጨት፣ ጣውላ ወይም ወንበር መሃላቸው መክተት ይሠራል። ከተለያዩ በኋላ በዚያው ቀን መልሶ ማገናኘት የለም። እስኪታረቁ መተው ግን የእንስሳት ሐኪም ስፌት መጥራት ነው።

«አንድ ቡችላ ከምትወስዱ እህትማማች ሁለት ውሰዱ፣ እርስ በርስ ይጫወታሉ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ልለፈው። እርስ በርስ ይጣበቁና ሰው ይረሳሉ፤ ሴቶች ከሆኑ ሲያድጉ ይጣላሉ። ይቅር።

ስለ መውለድ የጻፉት ግን ከራሳቸው ታሪክ ጋር ይጋጫል። ሴት ውሻ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ወንድ መፈለግ ትጀምራለች፤ ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ትደርሳለች፤ እርግዝናው 63 ቀን ግድም ነው። ሁለት ወንድ ባለበት ግቢ የምትደርስበት ሰሞን ዳማና ታይሰን በሰላም አያድሩም፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አጥር ሥር ይሰበሰባል። «ቡችላው ለሰው ይሰጣል» ይሉናል። እሺ፣ ይሰጣል፤ ሰው ግን መርጦ የሚወስደው ወንዱን ነው። ሴቶቹ በካርቶን ሆነው ገበያ ዳር ወይም የሰው በር ላይ ይጣላሉ። በራቸው ላይ ያገኟት ቡችላ ሴት የሆነችው በአጋጣሚ ነው? ከእሳቸው በፊት «ለሰው ይሰጣል» ያለ ሌላ ሰው ነበረ። ስለዚህ ከማስገባት በፊት ማን እንደሚያመክናት፣ መቼና በስንት ብር እንደሚያመክናት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቆ ቁርጥ ያለ መልስ መያዝ ይገባል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፤ ሐኪም የሚጠየቅበት አገር የለም አይባልም።

«ከግቢ የማይወጣ ውሻ ክትባት አያሻውም፤ ከተከተበም አንዴ ይበቃዋል።» ይህን አንቀጽ ጸሐፊው ቢሰርዙት ደስ ይለኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ በሽታው አጥብቆ ከሚጎዳቸው አገሮች ውስጥ ናት። «ከግቢ አይወጣም» የተባለው ውሻ ጋር ድመት በአጥር ትመጣለች፣ የጎረቤት ውሻ በበር ሥር አፍንጫውን ያስገባል፣ ማታ ሲፈታ ደግሞ የት እንዳደረ የሚያውቅ የለም።

ቡችላዋ ራሷስ? ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደነከሳት አይታወቅም። በሽታው ከንክሻ በኋላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ተደብቆ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሻው ጤነኛ ይመስላል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ስለዚህ ሦስቱ ሳይከተቡ እሷ አትገባም። እሷም ሦስት ወር ሲሞላት፣ ከዚያም በየዓመቱ መከተብ አለባት። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ ይታወቃል፤ ሦስት አስከትቦ አራተኛውን የሚዘልል ግቢ የሰፈሩን ሂሳብ ያበላሻል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው፤ መብራት በሚመላለስበት ከተማ «ፍሪጁ ሠርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። ጠበሉም ባህላዊ መድኃኒቱም ከዚያ በኋላ ይድረስ፤ መቅደም ግን የለበትም። ውሻውን ወዲያው ከመግደል አስሮ 10 ቀን መከታተል ይሻላል፤ ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍበት ደረጃ ላይ ከነበረ በነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ወይም ሞቶ ራሱ ይነግራችኋል።

ለውሾቹ ለራሳቸው ደግሞ ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉ ተላላፊ በሽታዎች አሉ። አዲስ የመጣ ውሻ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በተለየ ቦታ፣ በተለየ ሳህን ይቆይ። ተቅማጥና ትውከት ከታየ፣ ዓይንና አፍንጫው ከፈሰሰ፣ ሦስቱ ጋር አይደርስም። ፓርቮ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ባለፈው ክረምት ቡችላ የሞተበት ግቢ በፀሐይ ስለደረቀ ብቻ አልጸዳም። ሲሚንቶና ሳህን በበረኪና ይታጠባል፤ አፈሩን ግን በረኪና አይመልሰውም።

ቀጥሎ ጎረቤት። ጸሐፊው አጠገባቸው የሚኖሩ ሐጅ ስለ ውሾቹ አቤት እንዳሏቸው ጠቅሰው «ግቢው የኔ፣ ምን አገባቸው» ይላሉ። አብሽሩ፣ ሕጉ ምን እንዳገባቸው ይነግራችኋል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። «ማን ሰንሰለቱን እንደፈታው አላውቅም» ማለት አያድንም። አራት ውሻ ደግሞ አራት የሚያመልጥ ነው።

ሕጉን እንተወው። ወሎ ላይ ከጎረቤት ጋር የሚኖረው በሕግ ቁጥር አይደለም። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ምራቅ የነካው ልብስም ሳይጠራ አይሰገድበትም። ሐጅ የሚያጉረመርሙት ውሻ ስለጠሉ ነው ማለት አይቻልም፤ ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ ውሻ መያዝ በሃይማኖታቸውም ይፈቀዳል፤ ገጠር ያሉ የሙስሊም ቤቶች ውሻ አላቸው። የሳቸው ጥያቄ የቦኖው ሳህን፣ የተሰጣው ልብስ፣ ወደ ሱብሒ፣ ወደ ንጋት ሶላት፣ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ሲገኝ ዝም አይልም። አራተኛ ውሻ ከማስገባት በፊት ሐጅ ዘንድ ቡና ላይ ሄዶ «ይህን አስቤያለሁ፣ አጥሩን በዚህ በኩል ከፍ አደርጋለሁ» ማለት ምን ይከብዳል? የተቀየመ ጎረቤት ባይናገርም የሰፈሩ ሌላ ሰው መርዝ የለወሰው ሥጋ ሊወረውር ይችላል። ባለቤት አልባ ውሻን በመርዝ ማስወገድ በየከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ መርዝ ደግሞ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም።

«ከበዛም ለገጠር ዘመድ ነው።» በግ የሚያረባ ዘመድ የሚፈልገው ከበግ ጋር ያደገ ውሻ ነው። ከተማ ያደገው በግ ሲያይ ያባርራል፤ ዘመዱም ሳምንት ሳይቆይ ያባርረዋል። ያልተከተበ ውሻ ወደ ቦረና ሳይንት ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ ጋራ ከሄደ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እነዚህ የወሎ ከፍታዎች ቀይ ቀበሮ የሚኖርባቸው ናቸው። በዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ከቤት ውሻ እየተላለፉ ደጋግመው ፈጅተውታል። የወሎዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ አንድ ወረርሽኝ ጨርሶ ሊያጠፋቸው ይችላል። የኮምቦልቻ ግቢ ትርፍ ውሻ መሸኛ አድርጎ ደጋውን ማየት ይቅር።

ጽድቁን ጸሐፊው መጨረሻ አካባቢ አምጥተውታል። ጽድቅ ነው ወይ? ነው። የተጣለች ቡችላ አይቶ ማለፍ የሚያስመሰግን አይደለም። ግን እሷን ማዳንና አራተኛ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለብቻዋ አስቀምጦ፣ የትል መድኃኒት ሰጥቶ፣ ሲደርስ አስከትቦ ውሻ የሌለበት ቤት መፈለግ ይቻላል። አራተኛ ሆና ከምትሻማበት ይልቅ የመጀመሪያ ሆና የምትጠበቅበት ቤት ይሻላታል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት በጦርነቱ ሰው ከደሴና ከኮምቦልቻ ነቅሎ ሲወጣ ስንቱ ቤት ውሻውን ትቶ እንደሄደ እናስታውሳለን፤ ልጅና ሽማግሌ የጫነ መኪና ላይ አንድ ውሻ እንኳ በመከራ ነው። ክፉ አይምጣ እንጂ፣ አራት ውሻ ያለው ሰው የትኛውን እንደሚተው አስቀድሞ የመረጠ ያህል ነው።

አንድ መስመር ቀረችኝ፤ ጸሐፊው በዘፈቀደ ያስገቧት ትመስላለች። «ዳማ አርጅቷል፤ ታይሰን ከመጣ ወዲህ ምግቡን ቀምሶ ይተውና ከማድ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ይተኛል። ቡችላዋ ታነቃቃዋለች።» ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ወይም መገጣጠሚያው ሊሆን ይችላል። «ታይሰን ከመጣ ወዲህ» የሚለው ግን የጸሐፊው የራሳቸው ቃል ነው። ወጣቱ ውሻ ሳህኑ አጠገብ ዝም ብሎ መቆሙ ብቻ ለአሮጌው ይበቃዋል፤ ጠብ አይታይም፣ ጩኸት አይሰማም፣ አሮጌው ብቻ ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ውሻ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን የምትጎትት ቡችላ ማነቃቂያ አትሆነውም። አንድ ቀን ያጉረመርምባታል፤ በማጉረምረሙም የሚመታው እሱ ነው።

ጸሐፊው ውሳኔያቸውን ከማጽደቃቸው በፊት አንድ ሳምንት ዳማን በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን ያብሉት። ሳህኑን ከጨረሰ ነገሩ ዕድሜ አልነበረም፤ ግቢው ሦስተኛውንም ገና አልቻለውም ማለት ነውና ለቡችላዋ ሌላ ቤት ይፈለግላት። ካልጨረሰ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ፤ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ይታይ።